ዋስ ጥሪ

ሻርጃ፤ አራተኛ ፎቅ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ።
የፓምፑ አረንጓዴ መብራት መስታወቱ ላይ ፊቴን እያሳየኝ፣
ከዩኒፎርሜ ኪስ፣ ከመቀሱ ሥር፣
አራቴ የታጠፈ አንድ ቅጽ አለ፤
ሦስት ሳምንት ሆነው ከእኔ ጋር ተረኛ ሆኖ ሲያድር።

«የሙያ ኃላፊነት መድን» ይላል አናቱ፤
በደቃቅ ፊደል ነው ግርጌው ላይ ክፍያው፣ የዓመቱ፤
የወንድሜ የቤት ኪራይ ነው፣ የሁለት ወር፤
ወይ የእናቴ የስኳር መድኃኒት፣ እስከ ጥር።

ጂንሲን አስባለሁ፣ የኬረላዋን ልጅ፤
እንደ እሷ ደም ሥር የሚያገኝ አልነበረም እጅ።
አሥራ አንድ ዓመት ስትሮጥ በዚህ ኮሪደር፣
አንድ ሌሊት፣ ሃያ ሁለት ሕመምተኛ ለሁለት ነርስ፣
አንዲት ነጥብ ሳታያት ቀረች፣
ከአንድና ከዜሮ መሃል የምታድር።
አንዷ አሥር ሆነች።
ሰውየው አልሞተም። ልቡ ግን ቆመ፣ ሁለት ደቂቃ፤
በነጋታው ልጆቹ መጡ፤ ከኋላቸው ጠበቃ።

ሆስፒታሉም ጠበቃ ነበረው፣ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፤
«ደንቡ ሁለት ፊርማ ይላል፤ ይኸው፣ አንድ ነው ያለበት።»
መድንማ ነበረ፤ ለሕንፃው፣ ለሊፍቱ፣ ለስሙ።
ጂንሲ ግን ስምንት ወር፣ ፓስፖርቷ ፍርድ ቤት፣ ፍራሿ ሰው ክፍል፣
አምባር በአምባር ሸጠች የሰርጓን ወርቅ፤
እጇ ላይ ቀረ ነጭ ቀለሙ።

ሲስተር ሮዌና፣ አለቃችን፣ የማኒላ ሰው፣
በሻይ ሰዓት ትለናለች፦
«መድን ያለው ነርስ ነው መጀመሪያ የሚከሰሰው።
ኪስ ሲያዩ ነው የሚያሳድዱሽ፤ ባዶ እጅን ማን ይነካል?»
እውነት አላት። ደግሞም የላትም።
ጂንሲስ ባዶ እጇን አልነበረች? ማን ምሯታል?

እናቴ በስልክ፣ ከደብረ ሲና፦
«ምን መድን ትገዣለሽ? መድኅን አለሽ እኮ፣
ሳትከፍዪ የሚጠብቅሽ፤ እሱ ያውቃል ልብሽን።»
ልቤንስ ያውቃል፣ እማ።
ዳኛው የሚያየው ግን እጄን ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፊርማዬን።
መድን፣ መድኅን፣ መድኃኒት፤ አንድ አባት ነው የወለዳቸው፤
ሻርጃ ሲደርሱ ግን እርስ በርስ ባዳ ናቸው።

በእኛ አገር ሰው ሲያዝ «ዋስ ጥሪ» ይባላል፤
ሰርግሽ ላይ የጨፈረ፣ ለቅሶሽ ላይ የተቀመጠ
ጎረቤት ሮጦ ይመጣል፤ መታወቂያውን ያስይዛል።
እዚህ ማንን ልጥራ?
ሦስት ናቸው አብረውኝ የሚኖሩ፤
ሦስቱም የሚተኙት ቪዛቸውን አድርገው ትራስ።
የሰው ዋስ በሌለበት ወረቀት ነው የሰው ዋስ።
ደስ ብሎኝ አይደለም የምለው።

ቅድም፣ ስምንት ተኩል ላይ፣ ለአቡ ራሺድ ሄፓሪን ስሞላ፣
ዐይኔ ተከደነ፤ ለአንድ እስትንፋስ ያህል።
ጣቴ ቁልፉን ሊጫን ሲል፣ ምን እንደነገረኝ እንጃ፣ አየሁ እንደገና፤
ነጥቧ የለችም።
መለስኳት። እጄ የተንቀጠቀጠው ከዚያ በኋላ።
ማንም አላየም፤ ፓምፑም ድምፅ አላሰማ፤
ሚስቱ ብቻ ወንበሩ ላይ በዕንቅልፏ አሳለች፣
ተጠቅልላ በዐባያዋ ጨለማ።

ቅጹን የመድኃኒት ጋሪው ላይ ዘረጋሁት።
ስም፦ ወይንሸት ኃይለጊዮርጊስ። ዜግነት። የፈቃድ ቁጥር።
የባንክ ካርድ፤ እሺ፤ ወንድሜ ይቅር ይለኛል፣ ለዚህ ሁለት ወር።
ሰባተኛው ጥያቄ ላይ እጄ ቆመ፦
«እስከ ዛሬ ክስ ሊያስነሳ የሚችል ስህተት ፈጽመው ያውቃሉ?»
አዎ። አይ።
ሁለት ባዶ ሳጥን፣ ጎን ለጎን የታተመ።

ከመስኮቱ ማዶ የጀልባዎቹ መብራት ውሃው ላይ ይዋልላል።
ዐሥራ አራተኛው አልጋ ደወለ።
እስክሪብቶዬ አንዲት ነጥብ ጣለች፣ ከሁለቱ ሳጥን መሃል፤
ተነሥቼ ሄድኩ።